ደም መጣጩን «አንቱ» ያለው ወንድሜ

የመጨረሻው ደህና ቀናችን ቅዳሜ ነበር። ወንድሜ ጠዋት ሸሚዙን አጥቦ ሽቦ ላይ ሰቀለ፣ ዓሣ በላን፣ ከሰዓት በኋላ ቪዲዮ ቤት ሄድን። ሌላ ነገር አልነበረውም። የሆነ ምልክት ነበረ ይሆን ብዬ ያን ቀን ብዙ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ፈትሼዋለሁ። አላገኘሁም።

ክልላችን ጋምቤላ ያኔ አዲስ ነበር። ቢሮዎቹ ወንበር ሳይገባላቸው ሰው ይቀጥሩ ነበር። ወንድሜ እንግሊዝኛም አማርኛም ስለሚችል የስብሰባ አስተርጓሚ ሆነ። እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ፣ የምኖረውም ከእሱ ጋር ነበር። እናታችን ኢታንግ ነበረች።

በእኛ ቋንቋ «አንተ» እና «አንቱ» የሚባል ልዩነት የለም። ለሽማግሌውም ለሕፃኑም ቃሉ አንድ ነው። ስለዚህ ወንድሜ የሽማግሌዎቹን ንግግር ወደ አማርኛ ሲመልስ፣ ለኃላፊው «አንቱ» ይበሉ ወይስ «አንተ» የሚለውን የሚወስነው እሱ ነበር። ይህ ያስጨንቀው ነበር። «አንቱ ካልኩ ሽማግሌው የሚለምን ይመስላል፤ አንተ ካልኩ የሚጣላ ይመስላል። እሱ ግን ሁለቱም አይደለም» ይለኝ ነበር። ማታ እራት እየበላን እንኳ ድንገት አቁሞ «እዚያ ጋ አንቱ ማለት ነበረብኝ» ይላል።

ቅዳሜና እሑድ ቪዲዮ ቤት ያስተረጉማል። ቪዲዮ ቤቱ ሐጂ የምንላቸው ከደጋ የመጡ ነጋዴ ንብረት ነው። ከፊት ለፊት ስኳር፣ ሳሙና፣ ባትሪ ድንጋይ ይሸጣሉ፤ ከጀርባ አግዳሚ የተደረደረበት ክፍል አለ። መስኮቱ ብርሃን እንዳያስገባ በሸራ ተሸፍኗል። ሙቀቱ እንደ ዳቦ ቤት ነው። ወንድሜ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቆምና ጮክ ብሎ በአማርኛ ይናገራል።

ያን ቀን የመጣው ካሴት ከሌሎች ጋር ተደባልቆ የመጣ ነበር። ሐጂ ካራቴ መስሏቸዋል። ሲከፈት ጥቁርና ነጭ ሆነ። ሰዎቹ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ምንም አይሰማም።

«ድምፅ!» አለ ከኋላ አንዱ።

«ሐጂ፣ ዴኩን በጥፊ ይበሉት!»

ሐጂ እውነትም መጥተው ዴኩን ሁለት ጊዜ መቱት። ወንድሜ በስክሪኑ ላይ የወጣውን ጽሑፍ ካነበበ በኋላ ዘወር አለ። «አልተበላሸም። ድሮም ሲሠራ ድምፅ የለውም። በየመሀሉ የሚመጣውን ጽሑፍ አነብላችኋለሁ።»

ከፊት ወንበር ላይ ሁሌም የሚቀመጥ የጭነት መኪና ሹፌር ነበረ፤ ደገኛ ነው፣ ምላሱ ስለታም። «በልና!» አለ። «ዛሬ ፊልሙ አንተ ነሃ።»

ታሪኩ አጭር ነው። በወንዝ ዳር ባለ ወፍጮ ቤት ሁለት እህትማማቾች ይኖራሉ። አንድ ቀን ሲመሽ ረጅም ጥቁር ካፖርት የለበሰ ባላባት ደጃፋቸው ላይ ይቆማል። የሰው ደም እየጠጣ የሚኖር ነው፤ ከሞተ ብዙ ዘመኑ ነው። ግን አንድ ሕግ አለበት፦ ግባ ካላሉት መግባት አይችልም።

ወንድሜ ስሙን «ደም መጣጭ» ብሎ ተረጎመው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቃሉን ከደርግ ጊዜ መፈክር ሁላችንም እናውቀዋለን።

«እኛ ደም መጣጭ ሲባል የምናውቀው ባላባት ነው!» አለ ሹፌሩ።

«ይኼም ባላባት ነው» አለ ወንድሜ።

ታላቂቱ እህት በሩን ከፈተች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ወንድሜ «ይግቡ ጌታዬ፣ ውጪው ይበርዳል» አለ።

«ኧረ ተው!» ሹፌሩ ከወንበሩ ተነሳ። «ደም መጣጭን ነው ይግቡ የምትለው? እናንተ አገር ሰይጣን አንቱ ይባላል?»

«እሷ ማንነቱን መች አወቀች? ለእሷ እንግዳ ነው።»

«እኛ አውቀናል!»

«እኔ የማስተረጉመው ለእሷ ነው፣ ለአንተ አይደለም። ተቀመጥ።»

ሹፌሩ እየሳቀ ተቀመጠ። እኔ ግን ያኔም አሁንም የፊልሙ ዋና ነገር እዚያ ጋ ያለ ይመስለኛል። አስፈሪው ጥርሱ አይደለም። አስፈሪው በአክብሮት መግባቱ ነው። ቆቡን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ ነው የገባው። እኛ ዘንድ እንግዳ ደጅ ላይ አይቆምም፤ ቤታችን አንዳንዴ በርም የለውም። ስለዚህ ያቺ ልጅ ሞኝ አይደለችም። ያደረገችው ማንም ደህና ሰው የሚያደርገውን ነው።

ከዚያ በኋላ ታላቂቱ በየጠዋቱ እየደከመች ሄደች። ጽሑፉ «ገረጣች» ነበር የሚለው፤ እኔም አንብቤዋለሁ። ነገር ግን ነጭ ፊት በነጭ ትራስ ላይ ምን ያህል እንደገረጣ ማን ያውቃል? ክፍሉ ዝም ብሎ ያያል። ያን ጊዜ ወንድሜ «የዓይኗ ሥር ውስጡ ነጣ። መዳፏ ነጣ» አለ። ወዲያው ሁሉም ገባው። ጋምቤላ ሰው ደም ሲያንሰው የሚታየው እዚያ ነው።

«ወባ ነው!» አለ አንድ ተማሪ።

«ክሎሮኪን ስጧት!»

«መስኮቱን ዝጉት፣ በመስኮቱ ነው የሚገባው!»

በፊልሙ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሐኪም መጣ። እጇን ይዞ ቆየና ራሱን ነቀነቀ። የዚያን ጊዜ ማንም አልቀለደም። ያን የራስ መነቅነቅ የማያውቅ ቤት ከተማችን ውስጥ የለም።

ታናሿ እህት ነቄ ነበረች። ባላባቱ በመስተዋት ፊት ሲያልፍ መስተዋቱ ባዶ መሆኑን አየች። ዘወር ብላ ተናገረች። ወንድሜ ጽሑፉን አነበበ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አንተ! ከቤታችን ውጣ!» አለ። ጭብጨባው ሐጂን ከሱቅ አስመጣቸው። ሹፌሩ ጭኑን መታ። «አሁን ገባኝ! ይኼን ልትል ነው ያቆየኸው!»

መጨረሻው እንዲህ ነው። ታናሿ ሌሊቱን ሙሉ እህቷ አጠገብ ተቀምጣ ስታበቃ ጎህ ሲቀድ መስኮቱን ወለል አድርጋ ትከፍታለች። ብርሃኑ ይገባል። ባላባቱ የነበረበት ቦታ ላይ ባዶ ካፖርት ይወድቃል። ከዚያ ታላቂቱ ተኝታ ትታያለች፤ ዓይኗ ተከድኗል። አንድ ቃል ወጣ፣ ፊልሙ አለቀ።

«ምን ይላል?»

«ነጋ ነው የሚለው።»

«ዳነች ወይስ አልዳነችም?»

«ነጋ ብቻ ነው የሚለው።»

«አንተ ጨምርበታ!»

«የሌለ ነገር አላስተረጉምም» አለ ወንድሜ፣ ሸራውን ከመስኮቱ ላይ እየገለጠ።

ወደ ቤት ስንሄድ ተሟገትን። በባሮ ዳር ነበር የምንሄደው። የዓይን ሥሯን ከራስህ ጨምረሃል፣ መዳኗን ብትጨምር ምን ነበረበት አልኩት። «ያ መጨመር አይደለም» አለኝ። «ታማለች ይላል፣ እንዴት እንደታመመች በእኛ ዓይን አሳየሁ። ዳነች ብል ግን ውሸት ነው።» ስለ መስተዋቱም ጠየቅሁት። ባላባቱ መስተዋት ውስጥ የማይታየው ራሱን ቢያይ ስለሚያፍር ነው አለኝ። እኔ አልተስማማሁም። ሰውን የሚበላ ነገር የራሱ መልክ የለውም፣ በበላው ሰው ላይ ነው የሚታየው አልኩት። ይህንን ሲሰማ ቆመና አየኝ። «ጥሩ ነው» አለ። ከእሱ የሰማሁት የመጨረሻው ምስጋና ነው። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ደከመኝ አለ። በዚያ ክረምት ወባ ደጋግሞ ይዞት ስለነበር አልገረመኝም። ወባ የያዘው ሰው ይደክማል። ይህ በእኛ ከተማ ወሬ አይደለም።

ሲመሽ ትኩሳቱ ተነሳ። እሑድ ጠዋት መቆም አቃተው። ሐጂ ፒካፓቸውን አምጥተው ሆስፒታል አደረሱን። የጤና ባለሙያው የዓይኑን ሥር ወደ ታች ሳብ አድርጎ አየ። እኔም ከጎኑ ሆኜ አየሁ። ምንም ቀይ ነገር አልነበረም።

«ደሙ አልቋል» አለኝ። «ዛሬውኑ ደም ካላገኘ አይሆንም። ወንድሙ ነህ? ና።»

የላቦራቶሪው ሰው ከጣቴ ጠብታ ወሰደ። ትንሽ ቆይቶ ወጣ። «ያንተ ለእሱ አይሆንም።»

«የአንድ እናት ልጆች ነን።»

«አውቃለሁ። ግን አይስማማም። ሌላ ሰው ፈልግ፣ ፍጠን።»

ሥጋችን አንድ ነው እየተባልን ነው ያደግነው። ደማችን የተለያየ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ሐጂ እጅጌያቸውን ሰብስበው «የእኔን ውሰዱ» አሉ። ስኳር ስላለባቸው አልተፈቀደላቸውም። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጥኩ፤ አምልኮው ሊያልቅ ነበር። ደም የሰጠ ሰው ደሙ አይተካም የሚል ወሬ ነበረና አንዳንዱ መሬት መሬት አየ። አልፈርድባቸውም። ሁለት ሰዎች ተከትለውኝ መጡ። የሁለቱም አልተስማማም።

ሹፌሩን ያገኘሁት ገበያው ዳር ጎማ ሲቀይር ነው። ነገርኩት። «ትናንት ደም መጣጭ አሳያችሁኝ፣ ዛሬ ደም አምጣ?» አለ፣ ሳያየኝ። ከዚያ ቀና ብሎ ፊቴን አየ። ሌላ አልጠየቀም። እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ መኪናውን እንደተሰቀለ ትቶት መጣ።

የእሱ ተስማማ።

ደሙ ከአልጋው በላይ ተሰቀለ። በቀጭኗ ቱቦ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ተቀምጬ አየሁት። ያንን ፊልም ሐዘኑ ካለፈ በኋላ፣ ሐጂን ለምኜ፣ ብቻዬን ደግሜ አይቼዋለሁ። ማንም ሳያስተረጉም፣ በዝምታ። ያኔ አንድ ጉድለት አየሁበት። በዚያ ወፍጮ ቤት ውስጥ ደም የሚሄደው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ከደካማው ወደ ጠንካራው። ሁሉም ይጸልያል፣ በር ይዘጋል፣ ያለቅሳል። ከራሱ ቀድቶ ለታመመችው የሚሰጥ ግን አንድም ሰው የለም። ምናልባት ፊልሙ ሲሠራ ይህ ነገር አልታሰበም። ምናልባት ታስቦ ቢሆን ያን ያህል አያስፈራም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ዓይኑን ገለጠ። ከረጢቱን አየ።

«የማን ነው?»

«የሹፌሩ።»

ሹፌሩ በሩ ጋ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ወንድሜ በከንፈሩ ፈገግ አለ። «እንግዲህ አማርኛዬ ይስተካከላል» አለ።

«ስድቡንም ጭምር ነው የሰጠሁህ» አለ ሹፌሩ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

መዳፉን ይዤ ነበር። ሞቅ ያለ መሰለኝ። ደስ አለኝ፣ እውነቱን ነው። ለትንሽ ጊዜ እንደሚድን አምኜ ተቀምጫለሁ። ከረጢቱ ሳያልቅ ትንፋሹ ተቆራረጠ። ተጣራሁ፣ ሰዎች መጡ፣ ከአልጋው ገፋ አደረጉኝ። ሲመለሱልኝ ጠብታው ቆሞ ነበር።

ከአጠገባችን ባለው አልጋ ላይ ከአቦቦ የመጣች አንዲት ሴት ሕፃን ልጇን ይዛ ተኝታ ነበር። ሠፋሪ ገበሬ ነች። ልጅቷም ደም ያስፈልጋታል። ቀኑን ሙሉ ሰው ስፈልግ ስገባና ስወጣ ታየኝ ነበር። የእኔ ደም ለወንድሜ እንደማይሆን ስትሰማ ቀና ብላለች። ግን አልጠየቀችኝም። ወንድሜ እዚያ ተኝቶ እንዴት ትጠይቀኛለች? አስከሬኑን ስናወጣ ተነሥታ ቆመች። «እግዜር ያጽናህ፣ ልጄ» አለችኝ። ሌላ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው።

እናታችን ከኢታንግ እስክትደርስ ቀብሩ ለማግስቱ ከሰዓት በኋላ ተቀጠረ። ቤታችን ሰው ሞላ። ሴቶቹ መዝሙር ይዘምራሉ። ሐጂ ምንጣፍና ስኳር ላኩ፣ ራሳቸውም መጥተው ከወንዶቹ ጋር ተቀመጡ።

ጠዋት፣ ሰው ፊቱን ሲታጠብ ወጣሁ። የት ነው ያለኝ አንድ ጎረቤት ነበር፤ መጣሁ አልኩት። ሆስፒታል ስደርስ የላቦራቶሪው ሰው በሩን እየከፈተ ነበር።

«ምን ረሳችሁ?» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

«ምንም። የአቦቦዋ ልጅ ደም አገኘች?»

ቁልፉን ይዞ ቆመ። «አላገኘችም።»

«የእኔ ይሆናታል?»

ገባ፣ የትናንቱን የደም መዝገብ አየ፣ ተመልሶ ወጣ። «ይሆናል። ግን አንተ ሐዘንተኛ ነህ። በልተሃል?»

«አልበላሁም።»

«ሳትበላ አልወስድም።»

ዳቦና ሻይ አስመጣ። ከእሑድ ጠዋት ጀምሮ አፌ ያስገባሁት የመጀመሪያው ነገር ነው። ዳቦውን በሻይ አወረድኩት። እስክጨርስ አጠገቤ ቆመ። ከዚያ አልጋው ላይ ጋደም በል አለኝ፣ ክንዴን በላስቲክ አሰረ፣ ፊትህን አዙር አለኝ። አላዞርኩም። መርፌው ሲገባ አየሁት።

«እጅህን ጨብጥ» አለኝ። «ፍታ። እንደገና።»

ጨበጥኩ። ፈታሁ። እንደገና ጨበጥኩ።