ደሞዝን ያማረረው ቀይ በሬ

ደሞዝ አሥራተ ማርያም ሰቆጣ ላይ ሲኒማ አሳይ ነበር። በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. የሚሠራበት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደሴ ልኮ ሦስት ወር አስተማረውና አንድ የፊልም መሣሪያ፣ አንድ ጩኸታም ጄኔሬተር፣ ምስል የሚታይበት አንድ ጣቃ ነጭ አቡጀዲና አምስት ፊልም አስይዞ መለሰው። ትእዛዙ አጭር ነበር። በገበያ ቀን፣ ሰዉ የያዘውን ከሸጠ በኋላ፣ በአሮጌው የእህል መጋዘን ሰብስቦ ያስተምር።

መጋዘኑ ሁለት መስኮት ብቻ ስለነበረው፣ ደሞዝ በሰሌን ጋርዶ በሩን ሲዘጋው ቀትር ላይም ጨለማ ይሆናል። ከአምስቱ ፊልሞች አንዱ ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ፣ አንዱ ስለ ዓይን ሕመም፣ አንዱ ስለ ዶሮ፣ አንዱ ስለ ችግኝ ነበር። አምስተኛው ደግሞ ስለ ውኃ ማፋሰሻ ቦይ ነው። ሰዉ ግን ቦዩን አላየውም፤ ያየው በሬውን ነው።

ፊልሙ ላይ አንድ ገበሬ ማሳው ላይ የተኛውን ውኃ ሳያፋስስ ሊያርስ ይገባል። ከጥማዱ አንዱ ማጥ ውስጥ ይሰምጣል። ገበሬው ይጣራል፤ ጎረቤቶቹ ገመድና አጣና ይዘው ይደርሳሉ። በሬው ሊነሳ ይሞክርና ይወድቃል፣ እንደገና ይሞክርና ይወድቃል፣ በሦስተኛው ይነሳል። ከዚያ በኋላ ስምንት ደቂቃ ሙሉ ስለ ቦይ አቆፋፈር ይነገራል። በዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ ወሬውን ይጀምራል።

“ቀዩን በሬ ድገምልን” ይሉታል ፊልሙ እንዳለቀ።

ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። በሬው ቀይ መሆኑን ማን እንደነገራቸው ደሞዝ አንድም ቀን አልገባውም። መጀመሪያ ሰሞን ደስ ብሎት ደገመላቸው። ዓመት ሲሞላ ግን የበሬውን ስም መስማት አስጠላው። ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ ሲጀምር ግማሹ ሰው አህያውን ሊያይ ይወጣል፤ ያልወጣውም “ይሄ ሲያልቅ በሬው ነው አይደል?” እያለ ይጠይቀዋል።

አንድ ቀን በልጅነቱ ፊደል ያስቆጠሩትን መሪጌታ ገብረ ኪዳንን ለብቻቸው አገኛቸውና አቤት አለ።

“የኔታ፣ እባክዎ እርስዎ እንኳ ይንገሯቸው። አንድ ፊልም ስንት ጊዜ ይታያል?”

“ትናንት ያደረስነውን ጸሎት ዛሬም አድርሰነዋል” አሉት። “ሰለቸን ብለን ለነገ አዲስ እንዲጻፍልን አልጠየቅንም።”

“የኔታ፣ ይሄ ፊልም ነው።”

“አውቃለሁ። የጎረቤቶቹን መድረስ ግን እኔም እወደዋለሁ።”

ከሁሉ በላይ ግን ያማረሩት እመት ወለተሥላሴ ነበሩ። ወለተሥላሴ ከፃግብጂ አንድ ሙሉ ቀን በእግር ተጉዘው ማር የሚያመጡ መበለት ናቸው። ማራቸውን ከሸጡ በኋላ መጥተው ከምሰሶው ሥር ይቀመጣሉ፤ ከዚያ ቦታ የሚያስነሳቸው የለም። አዲስ ሰው አጠገባቸው ከተቀመጠ የሚመጣውን ሁሉ ሳይመጣ በአገውኛ ይነግሩታል። አሁን በሬው ይገባል፤ አሁን ያ ጥቁር ካባ የለበሰው ገመድ ይዞ ይመጣል።

“እናቴ፣ ይተዉአቸው፤ ራሳቸው ይዩት” ይላቸዋል ደሞዝ ከመሣሪያው ኋላ ሆኖ።

“ሳያውቁ ካዩት ይደነግጣሉ” ይላሉ፤ ደግሞም ይቀጥላሉ።

በሁለተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ ደሞዝ አንድ ዘዴ አሰበ። የበሬውን ፊልም ከነቆርቆሮው ቢሮ ውስጥ ከወንበሩ ሥር ደበቀና፣ በገበያው ቀን ሰዉ ፊት ቆሞ “ቀዩ በሬ ወደ ደሴ ተመልሷል” አለ።

ማንም አልተቆጣም። ሰዉ ስለ ዓይን ሕመም ያለውን ፊልም አየና ወጣ። ወለተሥላሴ ብቻ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁት።

“መቼ ይመለሳል?”

“እኔ ምን አውቄ እናቴ። የበላይ ነው የሚያውቀው።”

በሚቀጥለው ገበያ የመጣው ሰው ከአሥር አይበልጥም ነበር። በሦስተኛው ገበያ ማግስት የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ይግዛው ደሞዝን አስጠሩት። ጠረጴዛቸው ላይ አንድ ወረቀት ተዘርግቶ ነበር፤ ግርጌው በጣት አሻራ ተሞልቷል። አቶ ይግዛው አነበቡለት።

“‘ቀይ በሬ የተባለው ትምህርት ሰጪ ፊልም ሕዝቡ ሳይጠየቅ ወደ ደሴ ስለተወሰደ፣ እንዲመለስልን በታላቅ ትሕትና እናመለክታለን።’ አርባ ሦስት ሰው ፈርሟል። የኔታ ገብረ ኪዳን በእጃቸው ጽፈውታል።” ወረቀቱን አስቀመጡት። “በየትኛው ደብዳቤ ነው ወደ ደሴ የላክኸው?”

ደሞዝ መሬት መሬት አየ።

“የት ነው ያለው?”

“ወንበሬ ሥር።”

አቶ ይግዛው ግንባራቸውን በመዳፋቸው ያዙ። “እኔ በዚህ አገር የመንገዱ ጉዳይ አለብኝ፣ የመድኃኒቱ ጉዳይ አለብኝ” አሉ። “አሁን ደግሞ የሌለ በሬ ጉዳይ ጨመርህብኝ። ሂድና አሳያቸው።”

በቀጣዩ ገበያ መጋዘኑ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ደሞዝ ኩርፊያው ከፊቱ ሳይጠፋ ፊልሙን አሳየ፤ ሰው ከወጣ በኋላ ወለተሥላሴን አስቀራቸው።

“እናቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በሬው እንደሚነሳ ያውቃሉ። ከሃያ ጊዜ በላይ አይተውታል። ከዚህ ወዲያ ምን ሊያዩ ነው የሚመጡት?”

“ማወቄ እኮ ነው ልጄ” አሉት።

“አልገባኝም።”

ወለተሥላሴ የማር ቅላቸውን አስቀመጡና ነጠላቸውን አስተካከሉ። “የኔ በሬ ቡሬ ይባል ነበር። ከጎረቤት በሬ ጋር እያቀናጀን ነበር የምንጠምደው። በሐምሌ ወንዝ ዳር ማጥ ያዘው። ጎረቤት አልቀረም፤ ገመድ ነበረን፣ አጣና ነበረን፣ የጎደለን ነገር አልነበረም። እንደዚህኛው ሁለት ጊዜ ሞከረ። ሦስተኛውን አልሞከረም።” ወደ አቡጀዲው ተመለከቱ፤ ምንም የለበትም። “ከዚያ ወዲህ ዝናቡ ይምጣ አይምጣ፣ ንቡ ቀፎው ውስጥ ይቆይ አይቆይ አላውቅም። እዚህ ስቀመጥ ግን አውቃለሁ። እሱ ሲነሳ እኔም ልቤ ሞልቶ ተነስቼ አገሬ እገባለሁ።”

“ለዚህ ብለው ነው ሙሉ ቀን የሚሄዱት?”

“ማሩንስ ማን ይሸጥልኛል?”

ደሞዝ አዘነላቸው፤ ተናደደባቸውም። “እንግዲያው ቢያንስ ስለ ቦዩ የሚባለውን ይስሙ” አላቸው።

“ሰምቻለሁ። የኔ የሞተው ወንዝ ዳር ነው። ወንዝን በቦይ አታፋስሰውም።” ቅላቸውን አንስተው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ደሞዝ መከራከሩን ተወ፤ ማጉረምረሙን ግን አልተወም። ሁለት ዓመት ያህል እንዲህ አለፈ። ፊልሙ ከመደጋገሙ ብዛት አረጀ፤ ድምፁ ይንኮሻኮሻል፣ ምስሉ ላይ ዝናብ የመሰለ ጭረት ይወርዳል። በ፲፱፻፷፩ ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ በሬው ለሁለተኛ ጊዜ እንደወደቀ፣ ፊልሙ መሣሪያው ውስጥ ተተረተረ። ደሞዝ የተቦጫጨቀውን ቆርጦ አወጣና የቀረውን አጣብቆ ቀጠለ። አቡጀዲው ላይ የተኛው በሬ በዓይን ቅጽበት ቆሞ ታየ።



“ማን አነሳው?” አሉ መሪጌታ ገብረ ኪዳን።

“ፊልሙ ተቆርጦ ነው የኔታ።”

“ጎረቤቶቹስ? የመጡት ሰዎች የት ሄዱ?”

“አሉ፤ ተቆርጠው ነው።”

“ማንም ሳይደክምበት ተነሳ ማለት ነው?” አለ ሌላ ሰው ከኋላ፤ አነጋገሩ ስርቆት ያገኘ ያህል ነበር። ሌሎቹም ተቀበሉት። ደሞዝ ቆራርጦ እንዳስቀረባቸው የሚናገርም አልጠፋ። ወለተሥላሴ ግን አንድ ቃል አልተነፈሱም። ተነስተው፣ ቦዩ ሳይጀመር፣ ወጡ።

ደሞዝን ያበሳጨው ይሄ ዝምታ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰ መጋዘኑን ከፈተና የተጣለውን ብጥስጣሽ ከወለሉ ላይ ለቀመ። አሥራ አንድ ቁራጭ ሆነ። በሰዓቱ ቁርስ አልበላም፤ ሚስቱ ይታየሽ ሁለት ጊዜ ልካበት አልሄደም። እያንዳንዱን ቁራጭ ወደ መስኮቱ ብርሃን እያነሳ ያያል፤ አንዱ ላይ የገመድ ጫፍ፣ አንዱ ላይ የፊት እግር፣ አንዱ ላይ ጥቁር ካባ የለበሰው ሰው ትከሻ። የቱ ከየቱ እንደሚቀድም የሚነግረው ሰው አልነበረም። እሱ ግን ሳያመነታ ደረደራቸው። ካባ የለበሰው መጀመሪያ ግራ እግሩን ነው የሚያስቀድመው፤ ገመዱ ከቀንዱ ተንሸራቶ እንደገና ይታሰራል፤ ከዚያ ሽማግሌው ከኋላ ይገፋል። ይህን ሁሉ መቼ እንዳጠናው አያውቅም። ሁልጊዜ የቦዩን ትምህርት ሲጠብቅ የኖረ መስሎት ነበር። በምላጭ ጫፍ ጫፋቸውን እያስተካከለ፣ በሙጫ እያጣበቀ፣ ራሱን እየሰደበ ዋለ።

በቀጣዩ ገበያ በሬው ቀስ ብሎ፣ እንደ ድሮው፣ በሰው ጉልበት ተነሳ። መጋዘኑ በሙሉ ተነፈሰ። ደሞዝም ተነፈሰ፤ ወዲያው ደግሞ መተንፈሱ አናደደው።

በ፲፱፻፷፪ ዓ.ም. የካቲት ላይ ወለተሥላሴ ሁለት ገበያ ቀሩ። ደሞዝ ከመሣሪያው ኋላ ሆኖ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይላል። በሦስተኛው ገበያ ፊልሙን አዙሮ ከመጀመሪያው አዘጋጅቶ ቆየ፤ እሳቸው ግን አልመጡም። ሰዉ “ጀምር እንጂ” እያለ ሲነዘንዘው ደሞዝ ጀመረ።

ገበሬው ማሳው ውስጥ ሲገባ በሩ ተንኳኳ። ደሞዝ ወጣ። ወለተሥላሴ ከበሩ ራቅ ብለው፣ ገመድ ይዘው ቆመዋል። ከገመዱ ጫፍ አንድ ወይፈን ወደኋላ እየጎተታቸው ነው።

“ገዙ እንዴ እናቴ?”

“ገዛሁ። የማሩና የሁለት ፍየል ነው።”

“ሳይነግሩኝ? እኔ እኮ እርስዎን ስጠብቅ ነው ያረፈድሁት። ይግቡ፤ ገና በሬው አልገባም።”

“ዛሬ አልገባም ልጄ። ይሄ ወይፈን ሰው አልለመደም፤ ብቻውን አይቆምልኝም።” ወይፈኑ ጆሮውን አቁሞ ወደ ጄኔሬተሩ አየና ገመዱን ነጥቋቸው ሊሄድ ሞከረ። “ጩኸቱን ፈርቶ ነው። እስክናልፍ ብታጠፋልን።”

ደሞዝ ሊከራከር አፉን ከፈተ፤ ተወው። ሄዶ ጄኔሬተሩን አጠፋ። መጋዘኑ ውስጥ ጨለማ ሆነ፤ ሰዉ ተንጫጫ፤ አንዱ ስሙን እየጠራ ይቆጣዋል፤ ሌላው አቶ ይግዛው ዘንድ እንደሚከሰው ይናገራል። እሱ እጁን ጄኔሬተሩ ላይ አድርጎ፣ ወለተሥላሴ ወይፈኑን እያባበሉ የአጥሩን ጥግ እስኪታጠፉ ቆሞ ጠበቀ።

ሞተሩን አስነስቶ ሲገባ ሰዉ ከተቋረጠበት አልቀበልም አለ። ከመጀመሪያው ይሁንልን አሉ። ደሞዝ ፊልሙን አዞረና ከመጀመሪያው ጀመረላቸው።