ሣር የነጨሁ ቀን

ደባርቅ ሰርግ ተጠርቼ ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጥሁ፣ የተጎዘጎዘው ቄጠማ ሽታ ወደ ሦስተኛ ክፍል ዘመኔ መለሰኝ።

ያኔ ብርቄ የምትባል ጉልቤ ልጅ በየዕረፍቱ ቆሎዬን እየነጠቀች ታስለቅሰኝ ነበር። ሳንቃ በር በሚባለው ቦታ የፓርክ ጠባቂ፣ ስካውት፣ ለነበረው አባቴ ነገርሁት። እሱም ጠመንጃውን እየወለወለ፣

"ጭላዳ ዝንጀሮ ጥርሱን ሲያሳይሽ አትሩጪ። ዓይን ዓይኑንም አትይው። ቁጭ ብለሽ ሣር ንጪ። የሚሮጥለት ካጣ ይሰለቸዋል" አለኝ።

ስለ ብርቄ ይሁን ስለ ዝንጀሮ የሚያወራው አልገባኝም።

በማግሥቱ ብርቄ ስትመጣ ቁጭ ብዬ ሣር መንጨት ጀመርሁ። በጥፊ አጮለችኝ፤ እኔ መንጨቴን ቀጠልሁ።

"አንቺ፣ ምን ሆንሽ?" አለች ወደ ኋላ እያፈገፈገች።

ምክሩን በደንብ ልፈጽም ብዬ ሣሩን አፌ ውስጥ ከትቼ አኘክሁ። ብርቄ "አበደች!" እያለች በረረች። ከዚያ ወዲህ ቆሎዬን የሚነካ ጠፋ፤ አጠገቤ የሚቀመጥም ጭምር።

ከሐሳቤ ስመለስ አንዲት ደርባባ ሴትዮ ከፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ራሷ ብርቄ ናት! ፈገግ ብላ ሰላም ልትለኝ ስትል ዓይኗ እጄ ላይ ዐረፈ። ለካ ሳላውቀው ቄጠማ አንስቼ እየበጣጠስሁ ኖሯል።

ሳህኗን ይዛ ወንበር ቀየረች።