በኖራ የተሸፈነው ታፔላ

ከኤረር በር ገባ ብሎ ያለው የእኛ ቀጭን መንገድ ስሙ ሾላ ሥር ነው። ነበር አላልኩም። ሾላውን እኔም ሆንኩ እናቴ አላየነውም። ከሶፊ ጫት ይዘው የሚመጡት ገበሬዎች በኦሮምኛ ኦዳ ጀላ ይሉታል፣ ሐረሪዎቹ ጎረቤቶቻችን በራሳቸው ቋንቋ፣ እኛ በአማርኛ። ሁላችንም የምንጠራው ያንኑ የሌለ ዛፍ ነው።

አንድ ቀን ሠራተኞች መጡና በጎረቤቴ ግንብ ላይ «የዕድገት ጎዳና» የሚል ሰማያዊ ታፔላ ቸነከሩ። ሁለት አህያ ጎን ለጎን የማያሳልፍ መንገድ ጎዳና ተባለላችሁ። ጎረቤቴ ከሶፊ ተድረው የመጡ ባልቴት ናቸው፤ ከእናቴ እኩል ያሳደጉኝ እሳቸው ነበሩ። ያኔ ታመው ከአልጋ አይርቁም፤ ቢሆንም ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። የሠራተኞቹ አለቃ ትሑት ወጣት ነው። ዛፍ በሌለበት ሾላ ሥር ማለት እንግዳን ያሳስታል ብሎ አስረዳቸው።

«ሐኪም የሚባለው ጋራ ስሙን ያገኘባቸው ቅዱሱ ወሊይ ካለፉ ስንት ዘመናቸው፤ ጋራው ስሙን ጣለ?» አሉት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ እህቶቼ ሶፊ ናቸው፣ ማንበብ አያውቁም። እኔ ስሞት ቤቴን ምን ብለው ይጠይቁ? ጀናዛ እኮ አይጠብቅም፤ ሬሳ በዕለቱ ነው የሚቀበረው።»

ከላይ የታዘዘ ነው ብሎ ሄደ። መዶሻ ይዤ ልነቅለው ስል ባልቴቷ ከለከሉኝ። መንቀል ያስከስሳል፣ ደግሞም ረመዳን ደርሷል አሉኝ። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው፦ በእኛ ከተማ ረመዳን ሲቃረብ ሴቶች ግንባቸውን ኖራ ይቀባሉ፤ ይህን የሚከለክል ሹም አልተወለደም። በማግስቱ እሳቸው ደጃፍ ተቀምጠው እያዘዙ፣ እኔ ክርስቲያኗ መሰላል ላይ ወጥቼ ግንቡን ከነታፔላው አነጣሁት። አለቃው ሲመለስ ግንብ ነው የቀባነው አልነው።

ከዒድ በኋላ አንድ ቀን ንጋት ላይ ባልቴቷ አረፉ። እህቶቻቸው በዚያው ጠዋት ከሶፊ ወርደው ኤረር በር ላይ ኦዳ ጀላን ጠየቁ፤ አንዲት ጫት ሻጭ ይዛቸው መጣች። ጀናዛው ሳይወጣ ደርሰው ፊታቸውን አዩ። እኔም እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

ኖራ ብረት ላይ አይጸናም። ክረምት በመጣ ቁጥር ይላጥና «ዕድገት» ብቅ ይላል። ይበል። ረመዳን ሲደርስ መሰላሌን አወጣለሁ።