ከመመረቋ በፊት ሰባት ዓመት

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ። ሶዶ፣ የወንድሜ ልጅ በኦፕቶሜትሪስትነት፣ ማለትም በዓይን መርማሪነት፣ በምትሠራበት ሆስፒታል፣ የምርመራ ክፍሏ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ወንድሜ ካረፈ ወዲህ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ አባዬ ትለኛለች። በየስድስት ወሩ ዓይኔን የምታየውም እርሷው ናት። ብሌን የሚያሰፋውን ጠብታ ጨምራልኝ እስኪሠራ ስንጠብቅ ስልኳ ጮኸ። አየችውና ወደ እኔ ዘረጋችው።

ልትሄድበት ካሰበችው አገር፣ የሙያ ፈቃድ ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት የመጣ ደብዳቤ ነበር። ስልኩን ተቀበልኳት፤ በጠብታው ምክንያት ፊደሉ ሁሉ ተደባልቆ ግራጫ መስመር ሆነብኝ። ራሴ ያላነበብኩትን ሰነድ አምኜ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ምርጫ አልነበረኝም፤ እርሷ እየተረጎመች አነበበችልኝ።

«በ2019 ተመርቀሻል፤ የሥራ ልምድሽ ግን ከሴፕቴምበር 2012 ይጀምራል ይላል። ሰባት ዓመት ያለ ዲግሪ የሰው ዓይን ስትመረምሪ ነበር ወይ? በሠላሳ ቀን ካላስረዳሽ ማመልከቻሽ ይዘጋል።»

የልምድ ደብዳቤውን ወደ እንግሊዝኛ የመለስኩት እኔ ነበርኩ። «መስከረም» ቃል ነውና ተረጎምኩት፤ ቁጥር ግን እንዳለ ይገለበጣል ብዬ 2012ን አልነካሁትም፤ በእነርሱ አቆጣጠር 2019 መሆኑን ዘነጋሁ። በዚህ ሥርዓት ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት መርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳት።

«አባዬ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነጭ ጋወን አለበስከኝ እኮ!» ሳቀች። ሳቋ ግን አጭር ነበር።

ክንዴን ይዛ ወደ ሰው ሀብት ክፍል ወረድን። ኃላፊው ደብዳቤውን ከፋይሉ አውጥቶ አየው።

«ጋሼ፣ የእኛ ምን ስሕተት አለበት? መስከረም 2012 ዓ.ም. ተቀጠረች። ያንን የተረጎመው ሰውዬ ነው የሚጠየቀው።»

እርሷ ጣሪያውን አየች። ሰውዬው እኔ መሆኔን ነገርኩት። አፍሮ ሁለቱን የዘመን አቆጣጠር ጎን ለጎን የያዘ አዲስ ደብዳቤ ሊጽፍ ተስማማ፤ ከዚያ ሌላ ጥያቄ አነሳ። የፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ቅጽ ደመወዟን በሰዓት ይጠይቃል፤ እኛ የምንከፍለው በወር ነው፤ ምን ይጻፍ?

«ስንት ሰዓት እንደምሠራ ማን ያውቃል?» አለችው። «እኔ የምወጣው ወረፋው ሲያልቅ ነው።»

ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን በዚያ አገር የሚከፈለውን ደመወዝ ጠየቅኋት። የዓመት ነው፣ ግብር ያልተቀነሰለት ነው፣ ደግሞም ፈተናቸውን ላለፈ ብቻ ነው አለችኝ። ፈተናውን እስክታልፍ መነጽር ቤት ፍሬም ታስተካክላለች።

«እዚህ ሐኪም የምትባዪው ልጅ፣ እዚያ መነጽር ሻጭ ልትሆኚ?»

«እዚህስ ከሥራ በኋላ የት ነው የማመሸው? መነጽር ቤት አይደል? ደመወዙ ወር አያደርሰኝም፣ አባዬ።»

ይህን አላውቅም ነበር። ከሆስፒታሉ አምሽታ የምትመጣው በሕመምተኛ ብዛት ይመስለኝ ነበር። እንድትሄድ ልርዳት ወይስ እንድትቀር ልለምናት፣ ፀሐዩ በሰፋው ብሌኔ እየገባ፣ መለየት አቃተኝ።

ተመልሰን ዓይኔን መረመረች። «እስከ ሚያዝያ ደህና ነህ» አለች። ሚያዝያ ላይ ማን እንደሚያየኝ አልጠየቅኋትም።

አዲሱ ደብዳቤ ጥቅምት 21 ቀን ተላከ። ይህን እስከጻፍኩበት ቀን ድረስ ማመልከቻዋ ይዘጋ ወይም ይቀጥል እንደሆነ መልስ አልመጣም። ፈተናውን እስክታልፍ ስንት ዓመት ፍሬም እንደምታስተካክልም የጻፈልን የለም።