ኦርቪስ የሞላቸው ጥይቶች

በፖተር ወረዳ ከደልማር ሆከንበሪ የበለጠ ግትር ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ወንድሙ ኦርቪስ ነው፤ ባለፈው ጸደይ ሞተ። ሁለቱ ወንድማማቾች አርባ ዓመት ሙሉ በደልማር ምድር ቤት፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ የአጋዘን ጥይታቸውን በእጃቸው ሲሞሉ ኖረዋል። የተተኮሰ ቀለህ ያጸዳሉ፣ ባሩድ ይመዝናሉ፣ ተወርዋሪውን እርሳስ ቀለሁ አፍ ላይ ይገጥማሉ፣ ይጨቃጨቃሉ። ደልማር ቀላልና ፈጣን እርሳስ ይወዳል፤ ኦርቪስ ከባድና ዝግተኛ።

«ያንተ ጥይት አጋዘኑን ያስደነግጠዋል እንጂ አይገድለውም» ይላል ኦርቪስ።

«ያንተ ደግሞ እስኪደርስ አጋዘኑ በእርጅና ይሞታል» ይመልሳል ደልማር።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ አንዱም ሳይረታ ሞት ገላገላቸው። የሚስማሙት በሁለት ነገር ብቻ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ከአንድ የባሩድ ጣሳ በላይ አይቀመጥም፤ የሌላ ሰው እጅ የሞላው ጥይትም አይተኮስም። ሰውዬው ሲሞላ ስልክ ጠርቶት ይሁን ከሚስቱ ተጣልቶ ይሁን ማን ያውቃል? እርስ በርስ ግን ይዋዋሱ ነበር፤ ወንድም ሰው አይባልም።

ዘንድሮ በኖቬምበር መጀመሪያ ደልማር ለአደኑ መክፈቻ ሃያ ጥይት ሞልቶ አስቀመጠ። በማግስቱ ሲወርድ ከሳጥኑ ጎን ሌላ ሳጥን አገኘ። ውስጡ ስድስት ጥይት አለ፤ እርሳሳቸው ከባድ፣ አፍንጫቸው ድቡልቡል። ክዳኑ ላይ «ለአጋዘን፣ ኖቬምበር 7» ተብሎ ተጽፏል። ደልማር ሰባትን ሲጽፍ ሁለት ጭረት ይበቃዋል። የሰባትን ወገብ በሦስተኛ ጭረት የሚያስር ኦርቪስ ነበር።

ቤቱን ዞሮ ፈተሸ፤ በሮቹ ከውስጥ እንደተቀረቀሩ ናቸው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው።

ሌላ ሰው ቢሆን ጥይቱን ወንዝ ይጥለው ነበር። ደልማር ግን ጠመንጃውን አንስቶ ከከብት በረቱ ጀርባ ዒላማ ተከለና ሦስቱን ተኮሰ። ሦስቱም በአንድ ቀዳዳ ገቡ። በዕድሜው እንዲህ ተኩሶ አያውቅም።

«አንተ እርኩስ!» አለ ጮክ ብሎ። «ሞተህም ልትረታኝ ነው?»

ከዚያ በረቱ ግድግዳ ላይ ተደግፎ አለቀሰ። ፈርቷል፤ ደስም ብሎታል፤ የቱ እንደሚበልጥ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የጠረጴዛውን ወንበር ተስቦ ሲያገኘው «እንዴት አደርክ?» እያለ ወደ ቦታው መመለስ ጀመረ። የምስጋና በዓል ማግስት፣ አርብ ጠዋት ደግሞ ሌላ ሳጥን ተጨመረ፤ አሥር ጥይት፣ «ኖቬምበር 27»፤ ሰባቷ አሁንም ወገቧ ታስሯል።

የአደኑ መክፈቻ ሰኞ ነው። እሁድ ከሰዓት ልጁ ኮሪን ከከተማ መጣች። በየዓመቱ አብረው ነው የሚያድኑት። ደልማር ከአርብ ጀምሮ በየትኛው ጥይት እንደሚያድኑ ሲያወጣ ሲያወርድ ቆይቶ በመጨረሻ ለወንድሙ እጁን ሰጥቷል። ከአሥሩ አምስቱን ቆጥሮ መዳፏ ላይ አኖረላት።

«አጎትሽ የሞላቸው ናቸው» አላት።

ኮሪን የሳጥኑን ክዳን አየችና «መቼ ነው የሞላቸው፣ አባዬ?» አለች።

«በቀደም» አለና ሳቀ። «ሙት በነጻ ይሠራል፣ ምን ቸገረሽ?»

እሷ አልሳቀችም። «እሺ» ብላ ጥይቱን ኪሷ ከተተች።

ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ኮሪን ቀድማ ወጣች፤ ከጫካው ውስጥ ዛፍ ላይ ወዳሰሩት ማማ። ደልማር የራሱን ድርሻ፣ የቀሩትን አምስት ጥይት ሊያመጣ ወደ ምድር ቤት ወረደ። መብራቱን ሲያበራ ጠረጴዛው ላይ ሁለት የባሩድ ጣሳ አየ፤ አንዱ የጠመንጃ፣ አንዱ የሽጉጥ። ኦርቪስ ይህን በሕይወቱ አድርጎት አያውቅም፤ ከሞተም በኋላ አያደርገውም። መሬቱ ላይ ትናንት ያልነበረ ባሩድ ፈሷል፤ ከፈሰሰው ላይ የነጠላ ጫማ ዱካ ተነስቶ ወደ ደረጃው ይሄዳል። ደልማር እግሩን ዱካው ላይ አኖረው። ልክ ነው። ከባሩድ መስፈሪያው ጎን ከነጋ ሲፈልገው የነበረው መነጽሩ ተቀምጧል።

ሙት ቢሆን በተሻለው! ሙት ቢሆን ቡና ቀድቶ ያጫውተው ነበር።

ከቀሩት አምስት ጥይቶች አንዱን አንስቶ እርሳሱን በፒንሳ ነቀለው። የጠመንጃው ባሩድ የተቆራረጠ ክር ይመስላል። ወረቀቱ ላይ የዘረገፈው ግን ገለባ የመሰለ ጠፍጣፋ ነው፤ የሽጉጥ ባሩድ። ያን ያህል የሽጉጥ ባሩድ በጠመንጃ ቀለህ ከተተኮሰ የሚፈነዳው ጠመንጃው ነው፤ ከተኳሹ ፊት ጋር። አምስቱ ኮሪን ኪስ ውስጥ ናቸው።

ኮት ሳይደርብ ሮጠ። ሸለቆው ውስጥ ስልክ አይሠራም። በረዶው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይውጠዋል፤ ሁለት ጊዜ ወደቀ። «አትተኩሺ!» ብሎ ጮኸ፤ ከአፉ የወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነው። ጅረቱን ሲሻገር ተኩስ ሰማ። አንድ ተኩስ፤ ከዚያ ጸጥታ። ደልማር ዓይኖቹን ጨፍኖ ነው የቀረውን መንገድ የሄደው ማለት ይቻላል።

ኮሪን ከማማው ሥር፣ ከወደቀው ቀንዳም አጋዘን አጠገብ ቆማለች። ፊቷ ደህና ነው።

«አባዬ! በዚህ ብርድ በሸሚዝ?»

«የቱን... የቱን ተኮስሽ?»

የተተኮሰውን ቀለህ አሳየችው። ሱቅ የሚሸጥ የፋብሪካ ጥይት ነው። ከሌላው ኪሷ አምስቱን አወጣች፤ አንድም አልጎደለም።

«የሰው ጥይት አትተኩሺ ያልከኝ አንተ ነህ» አለች ቀስ ብላ።

«እኔ አባትሽ የሰው ሰው ሆንኩ?»

አምስቱን ጥይት ወደ ኪሷ መለሰች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ስንት ሰው የሚያውቀውን ደልማር የሰማው አሁን ነው። በረዶው ላይ ተቀመጠ፤ እሷም ኮቷን አውልቃ አለበሰችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆንኩት?»

«በበጋ አጥሩን ስንጠግን ጀምሮ። ቀኑን ሙሉ ኦርቪስ እያልክ ስትጠራኝ ዋልክ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«አቤት አልኩህ።»

ነፋስ ዛፎቹን ሲያወዛውዛቸው በረዶ በደልማር ትከሻ ላይ ይራገፍ ነበር፤ አላራገፈውም።

«ምድር ቤቱን ዛሬውኑ ቆልፊው» አለ። «ቁልፉን የት እንዳኖርሽው እንዳትነግሪኝ። ብለምንሽም እንዳትነግሪኝ።»

«እሺ፣ አባዬ።»

«ኦርቪስም ቢለምንሽ።»