ከባሕሩ ሥር የተቀበረው ወንዝ

ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ይህን ስናገር አላፍርም፤ ወልድያ ካለችው ጠባብ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ከቀይ ባሕር ወለል በታች የተቀበረ ወንዝ ያገኘሁት እኔ ነኝ!

የምርምር ቡድናችን መርከብ ወደ ባሕሩ ወለል ድምፅ ትልካለች። ድምፁ አሸዋውን ሰርስሮ ይገባና ከሥር ካለው ጠንካራ መሬት ነጥሮ ሲመለስ ኮምፒውተር ላይ ሥዕል ይሆናል። በጥንት ዘመን ውኃው ዝቅ ብሎ ሳለ ያ ሁሉ ደረቅ ምድር ነበር፤ የምንሠራው የዚያን ምድር ካርታ ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ፤ መርከቧ ላይ ያሉት ባልደረቦቼ ሥዕሉን በኢንተርኔት ይልኩልኛል።

አንድ ቀን ጠመዝማዛ ጥቁር መስመር አየሁና «ወንዝ ነው» አልኩ። የቡድኑ መሪ «የድንጋይ ስንጥቅ ነው» አለ። ለማረጋገጥ የባሕሩን ወለል መቆፈር ነበረብን፤ ለጊዜው የተፈቀደልን ግን አንድ ጉድጓድ ብቻ ነበር።

«እሺ፣ ቦታውን አንቺ ምረጪ» አለኝ። «ከተሳሳትሽ ግን ከእኛ ጋር መሥራትሽ እዚህ ላይ ያበቃል።»

ባሕር አይታ የማታውቅ ሴት ምን ታውቃለች ማለቱ ነው። ደሜ ፈላ! ቢሆንም ፈርቻለሁ፤ ይህን ሥራ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምወደው።

ቅዳሜ ላፕቶፔን ይዤ በሚኒባስ ወደ መርሳ ከተማ ወረድኩ። አጎቴ እዚያ የውኃ አባት ናቸው፤ የመስኖውን ተራ ለገበሬው የሚያከፋፍሉት እሳቸው ናቸው። ወንዙ በየክረምቱ መንገዱን ሲቀይር ሲያዩ ነው የኖሩት። ማንጎው ሥር ተቀምጠን ሥዕሉን አሳየኋቸው፤ መሪው ስንጥቅ ነው ማለቱንም ነገርኳቸው።

«ወላሂ፣ ይሄ ወንዝ ነው» አሉ። «ስንጥቅ መሬት እንዲህ እየተጠማዘዘ አይሄድም።»

ደስ ብሎኝ ልቆፍርበት ያሰብኩትን ነጥብ ሳሳያቸው ግን ሳቁብኝ።

«አይ የእኔ ምሁር! ከመታጠፊያው በውጭ በኩል ምን ልትለቅሚ ነው? እዚያማ ጎርፉ ቦርቡሮ ጠርጎታል። ደለሉን የሚጥለው በውስጥ በኩል ነው።»

መጽሐፉም የሚለው ይህንኑ ነበር፤ በድንጋጤ ጭልጥ አድርጌ ረስቼው ነበር። ነጥቡን እዚያው ወደ ውስጥ በኩል አዛውሬ ለመሪው ላክሁለት።

ውጤቱ እስኪመጣ ምግብ አልበላ አለኝ። በመጨረሻ ፎቶው ደረሰ፤ ድቡልቡል የወንዝ ጠጠር፣ ጥቁር ደለል፣ ጨው በሌለው ውኃ ብቻ የሚኖሩ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች።

«በውስጥ በኩል መቆፈር እንዳለብን እንዴት አወቅሽ?» ሲል መሪው ጻፈልኝ።

«መርሳ ያሉት አጎቴ ነገሩኝ» ብዬ መለስኩ።

ትንሽ ቆይቶ ሌላ መልእክት ገባ። «እንኳን ደስ ያለሽ! እባክሽ፣ ሁለተኛውን ጉድጓድ የት እንደምንቆፍር አጎትሽን ጠይቂልኝ።»

ቢሮዬ ውስጥ ብቻዬን እልልታዬን አቀለጥኩት።