ኤልሳቤጥ በብስክሌት ወደ ኮረብታችን

በ1979 ዓ.ም. ከጂንካ ወደ እኛ ወደ አሪ ኮረብታዎች የሚወጣው መንገድ ጠጠር ነበረ፤ ዝናብ ሲመጣ ጠጠሩን ጭቃ ይውጠዋል። የጂንካው ክሊኒክ መኪና ከተበላሸች ሰንብታለች። በዚያ መንገድ በብስክሌት የምትመላለሰው ክትባት ሰጪዋ ኤልሳቤጥ ነበረች፤ የእኛው የአሪ ልጅ። ቀጭን ናት፤ ጉልበቷ ግን የበሬ ነው።

ዳገቱ ሲከፋ ብስክሌቷን በትከሻዋ ተሸክማ ትወጣለች። ጎረቤቴ ሙሴ ይህን ሲያይ፣ "ሲስተር፣ ዛሬም ፈረሱ አንቺን ጋለበ?" ይላታል።

"ሽቅብ እኔ እሸከመዋለሁ፣ ቁልቁል እሱ ይሸከመኛል። አንተን ግን ሚስትህ ሽቅብም ቁልቁልም ነው የምትሸከምህ" ትለዋለች። ከሁላችን በላይ የሚስቀው ራሱ ሙሴ ነበር።

ጎማዋ ሲተነፍስ መጠገኛ አልነበራትም። ከእንሰት የተፋቀ ደረቅ ቃጫ ትለምንና ጎማው ውስጥ ጠቅጥቃ ትሞላዋለች። ብስክሌቱ እንደ አንካሳ ያነክሳል፤ ግን ይሄዳል።

በዚያ ዓመት ከታች ባለው ሸለቆ ኩፍኝ ገብቶ ሕፃናት ሞቱ። ወደ እኛ ሳይወጣ ኤልሳቤጥ ልጆቻችንን ልትከትብ ቀን ቆረጠች። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ከየኮረብታው መጥተው፣ እማማ እልፍነሽ የሚባሉ አሮጊት ደጅ ተሰበሰቡ። መድኃኒቱ የሚመጣው በበረዶ ሳጥን ነው፤ ከሞቀ ይበላሻል። ይህን የምታውቀው ኤልሳቤጥ ብቻ ነበረች።

ዝናብ አበስብሷት ደረሰች። ሳጥኑን ከታዛው ሥር አኑራ፣ የብስክሌቷን ጭቃ ልታጥብ ወደ ጅረቱ ወረደች። በእኛ ዘንድ የእንግዳ ዕቃ ደጅ አይጣልም፤ ከረጠበ ምድጃ ዳር ይቀመጥለታል፤ ክብሩ ነው። እማማ እልፍነሽም የረጠበው ሳጥን አሳዘናቸው። ክዳኑን ከፍተው፣ ይድረቅላት ብለው እሳቱ አጠገብ አደረጉት።

ተመልሳ ስታየው ሮጣ እጇን ሳጥኑ ውስጥ ከተተች። በረዶው ውሃ ሆኗል፤ ውሃውም ለብ ብሏል።

"ምን አጠፋሁ፣ ልጄ?" አሉ እማማ እልፍነሽ።

"እንግዳ ማክበርዎ ጥፋት አይደለም፣ እማማ። መድኃኒቱ ግን ሞቷል።"

ሴቶቹ ለመኗት። "ግድ የለም፣ እሱኑ ስጪያቸው። ከምንም ይሻላል።" አንዷማ ልጇን አውርዳ አስታቀፈቻት።

"ይህን ብወጋው ልጄ ተከተበ ብለሽ ትተኛለሽ። ኩፍኙ ግን አይተኛም" አለችና ልጁን መለሰችላት። "እዚሁ እደሩ። ነገ ሌላ ይዤ እመጣለሁ።"

ነገ እመጣለሁ ብሎን የቀረ ብዙ ሰው አይተናል። እሷ በዚያ ጭቃ፣ በቃጫ ጎማ፣ ፍሬኑ አልይዝ ሲላት እግሯን መሬት እየጎተተች ወደ ጂንካ ስትወርድ ቆመን አየን። ግማሾቹ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ሊሄዱ ተነሡ። እማማ እልፍነሽ በራቸው ላይ ቆሙና፣ "እኔ ያጠፋሁትን ልጅቷ ልታቀና ሄዳለች። እናንተ ደግሞ ጠብቋት" አሉ። ጎደሬ ቀቅለው ሁሉንም አሳደሩ።

በማግስቱ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ረፋድ ላይ ከሸለቆው ማዶ ብቅ አለች። ሳጥኑን እንደ ሕፃን በጀርባዋ አዝላ፣ ብስክሌቷን እየገፋች ዳገቱን ወጣች። ሙሴ ሊቀበላት ሮጠ።

"ብስክሌቱን ውሰድ" አለችው። "ሳጥኑን ግን ለማንም አልሰጥም።"

ቁጭ ሳትል መውጋት ጀመረች። ቁጭ ያለችው የመጨረሻውን ልጅ ወግታ ስትጨርስ ነው። በዚያ ክረምት ኩፍኝ ብዙ መንደር ዞረ፤ ከእኛ ኮረብታ ግን በኩፍኝ የተቀበረ ልጅ የለም።